የእናቴን ማገዶ ለፈለጠልን ሰው ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም የጎንደር ልጆች። እኔ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ሲከፋኝ ነው። ዛሬ ግን አንድ እንጨት ፈላጭ ካላመሰገንሁ ያንቀኛል።

እናቴ የምትኖረው ኮሶዬ አካባቢ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ። ቦታውን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ። እዚያ ማገዶ ለእንጀራና ለወጥ ብቻ አይደለም። ማታ እሳት ዳር ካልተቀመጡ እንቅልፍም አይወስድ። አባቴ የተከለው ባሕር ዛፍ ጓሯችን ውስጥ አለ፤ እንጨት አጥተን አናውቅም። ያጣነው የሚቆርጠውን፣ የሚፈልጠውን፣ በወጉ የሚከምረውን ሰው ነው። አባቴ በሕይወት እያለ ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም ነበር። ካረፈ ወዲህ ግን አበሳችንን አየን።

ስንቱን ልንገራችሁ። አንዱ ቀብድ ተቀብሎ ዛፉን ጣለና በዚያው ቀረ። ስደውልለት መጀመሪያ «መንገድ ላይ ነኝ» ይለኝ ነበር፤ በኋላ ስልኩን ጭራሽ ዘጋው። ግንዱ ጓሮ እንደተጋደመ ክረምት ገባ። ሌላው ደግሞ የሞተር መጋዝ ይዞ መጣ። ድምፁ መንደሩን አናወጠው። ዛፉን አጥሩ ላይ ጣለው። አባቴ ሲሳሳለት የኖረውን ኮሶ ቅርንጫፉን ገነጠለው። ይቅርታ እንኳ የለም። «ዛፍ የት እንደሚወድቅ ማን ያውቃል?» አለ። አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው ወንድሜ? ቀጥ ቀጥ ያለውን፣ ለማገርና ለወራጅ የሚሆነውን መርጦ ጭኖ ሄደ። ለእናቴ የተረፋት ጉጣጉጡ ብቻ ነው። ጉቶው ሁሉ ወገብ ድረስ ቆሞ፣ ተሰነጣጥቆ ቀረ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የአምናው ነው። ፈልጦ ጨርሷል፤ እውነቱን እንናገር። ግን ፍልጡን እርጥብ መሬት ላይ ቆልሎ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ነሐሴ ላይ ላስቲኩ ሲገለጥ የታችኛው በስብሷል፣ የላይኛው ሻግቷል። እናቴ ያን ክረምት በእርጥብ እንጨት ስታበስል ከረመች። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እሳቱ ያን ውኃ አፍልቶ ሳይጨርስ ምጣዱ የት ይሰማል? ጢሱ ዓይኗን ለበለበው። በስልክ ስታወራኝ ታስላለች። «ጉንፋን ነው» ትለኛለች። ምን ጉንፋን አለ!

ዘንድሮ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰው ጠቆመችኝ። ተስፋ ሳይኖረኝ ደወልሁ። «ቀብድ ስንት ልላክ?» ስለው፣ «ሳላየው ምን ብዬ ነው ብር የምቀበል እህቴ?» አለኝ። እዚያው ላይ ልቤ ግማሽ መለስ አለ። መጥቶ ዛፉን አየ፣ ጓሮውን ዞረ፣ በቁርጥ ተነጋገርን። ርካሽ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ግን በተነጋገርነው ላይ አምስት ሳንቲም አልጨመረም። «ጉጡ አስቸገረኝ፣ ይጨመርልኝ» የለም። እኔ ይህን መዝሙር በቃሌ ስለማውቀው እስከ መጨረሻው ስጠብቀው ነበር።

ሥራውን በደንብ ላስረዳችሁ አልችልም። ዛፉን በገመድ እያስጎተተ ባዶው ቦታ ላይ አጋደመው፤ አጥሩ አልተነካም፣ ኮሶው አልተነካም። ጉቶውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ ውኃ እንዳይቋጥርና መልሶ እንዲያቆጠቁጥ። ይህን አባቴ ሲያደርግ ስላየሁ ገባኝ። የቀረው አልገባኝም። ግንዱን ያገላብጣል፣ ጫፉን ትኩር ብሎ ያያል፣ አንዲት ስንጥቅ ፈልጎ ሽብልቁን ይሰካባታል። ምኑን አይቶ እንደመረጣት አትጠይቁኝ። ከዚያ በትልቁ መዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ያ ሁሉ ግንድ እንደ ድፎ ዳቦ ይገመሳል።

ሌሎቹ ትተውት የሄዱት ጉጣጉጥ አጥር ሥር ተጥሎ ነበር። በውላችን ውስጥ የለም። ራሱ አንስቶ ይፈልጠው ጀመር። «ይኼ እኮ ሒሳብ ውስጥ አልገባም» ስለው፣ «ትቼው ብሄድ እማማ ሊፈልጡት አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስንት ጊዜ ስትፈልጥ ደርሼባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ፈልጦ ጨርሶ መከመር ሲጀምር እናቴን ከጓዳ አስጠራት። «እማማ፣ ለእንጀራ የሚሆንዎ የትኛው ነው? ለወጡስ? ለማታ እሳትስ?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ግራ ገባት። በዚህ ዕድሜዋ ማገዶዋን እንዴት እንደምትፈልገው የጠየቃት ወንድ የለም፤ አባቴን ጨምሮ፣ ነፍሱን ይማረውና። «የሆነውን አድርገው ልጄ» አለችው። አልተዋትም። አንድ አንድ ፍልጥ እያነሳ «ይኼስ? ይኼስ?» ይላታል። ቀስ በቀስ አፏ ተፈታ። ለእንጀራ ቀጭንና ደረቅ፣ ነበልባሉ ምጣዱን ቶሎ የሚያዳርስ። ለወጥ መካከለኛ። ለማታ ወፍራም፣ ፍሙ ጠዋት ድረስ የሚቆይ። ኋላማ እናቴ ራሷ አዛዥ ሆነች። «ይኼ ወፍሯል፣ ድገመው» ትለዋለች። እሱም «እሺ እማማ» ብሎ ይደግመዋል።

ከዚያ ደግሞ «እስኪ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ» አላት። እጇ የደረሰበት ላይ ምሰሶው ላይ ምልክት አደረገ። ክምሩ ከዚያ ምልክት አላለፈም። «ተንጠራርተው ሲያወርዱ እላይዎ ላይ እንዳይናድብዎ» አላት። እኔ ልጇ ነኝ፤ ይህን አላሰብሁትም። የእንጀራውን ከማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ የማታውን ከታዛው ሥር፣ ሁሉንም በድንጋይ ከመሬት ከፍ አድርጎ ደረደረው። ላስቲኩን አናቱ ላይ ብቻ ጣል አደረገበት፤ ጎኑን ለነፋስ ተወው። «ካልተነፈሰ ያልበዋል» ብሎ ነው። ጭራሮውን ሳይቀር ለማቀጣጠያ ለብቻው አስሮ አስቀመጠላት።

ይህ የሆነው ከጥምቀት በኋላ ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ሲመታው ከረመ። የሰኔ 12 ሚካኤል ዝክር እኛ ቤት ነው። ዘንድሮ ስሄድ ማድ ቤቱ ውስጥ ሰው ከሰው ይተያያል! እናቴ እንጀራዋን እየጋገረች ታወራለች፣ ትስቃለች። ሳሉ የለም። አሁን ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንደዚያ እየወረደ እንጨቱ ደረቅ ነው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ቡና ሳታፈላ በፊት ክምሩን ታሳያለች። «ልጄ ነው የከመረው» ትላለች። የትኛው ልጅሽ ሲሏት አትመልስም።

ወንድማለም፣ እግዜር ይስጥልን። እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ልጆችህን ያሳድግልህ።

እናንተም ገጠር እናት አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሰው ጥሩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ተነጋገሩ፤ ግንቦት ላይ ብትደውሉ አታገኙትም፣ ብታገኙትም እንጨቱ ሳይደርቅ ዝናብ ይደርስበታል። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣው ራሱ ነግሮኛል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያነሳ መዋል አይፈልግም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስደውልላችኋለሁ። ወገራም ሆነ ዳባት ሩቅ ነው አይልም፣ ይመጣል። የትራንስፖርቱን ግን ቻሉት። ምሳም በሰዓቱ ስጡት፤ ሥራ ላይ ሆኖ አይጠይቅም።