ሁለት ፋይል ለማወዳደር ዲፍ፣ ፓወርሼል ወይስ የሚገዛው?

በዚህ ወር ብቻ ሶስት ጓደኞቼ "ቴክስት ፋይል የሚያወዳድር የቱን ፕሮግራም ልግዛ?" ብለው ጠየቁኝ፣ ለሁሉም ያልኩት አንድ ነው፦ ምንም አትግዙ፣ ዲፍ ተጠቀሙ። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ያለ፣ ሁለት ፋይል የሚለያዩበትን መስመር የሚያሳይ ትእዛዝ ነው፣ ዋጋው ዜሮ ብር፣ ዊንዶውስ ያላችሁ ደግሞ ጊትን (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያውን ፕሮግራም) ስትጭኑ ጊት ባሽ የሚባል የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት አብሮ ይገባል፣ ዲፍ እዛው ውስጥ አለ።

ከሚገዙት ውስጥ ቢዮንድ ኮምፔር ጎበዝ ፕሮግራም ነው፣ ግን ክፍያው በዶላር ነው፣ እዚህ ሆኖ ደግሞ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለ30 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ ያልከፈታችሁበት ቀን አይቆጠርም። ክራክ ግን በጭራሽ! አምና አንድ ሱቅ 200 ብር ከፍዬ እንደዚህ አይነት ፕሮግራም በክራክ አስጫንኩ፣ ቫይረስ ይዞ ገባ፣ ለፎርማት ሌላ 500 ብር ወጣ፣ 700 ብር መሆኑ ነው፣ የሁለት ወር ስራዬም አብሮ ጠፋ። በቀለም ማየት ካማራችሁ ዊንመርጅና ሜልድ ነፃ ናቸው።

የፓወርሼሉ (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያው) ኮምፔር-ኦብጀክት የሚባለው ትእዛዝም ነፃ ነው ግን አቃጥሎኛል። የመስመር ቅደም ተከተል አያይም፣ ፋየርዎል ሩል (ማን ወደ ሰርቨሩ ይግባ፣ ማን አይግባ የሚሉ ተራ በተራ የሚነበቡ ህጎች) ፋይል ላይ ሁለት መስመር ቦታ ተቀያይረው ምንም ልዩነት አላሳየኝም፣ እኔም አምኜ ጫንኩት ሰርቨሩም ተዘጋብኝ። ሲንክዊንዶው የሚባለውን ኦፕሽን (ተመሳሳዩን መስመር ስንት መስመር ርቆ እንደሚፈልግ የሚወስነውን) ዜሮ ስታደርጉት ደግሞ አናቱ ላይ አንድ መስመር ከተጨመረ ከዛ በታች ያለው ሁሉ ተለየ ይላችኋል። ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደልም አይለይም፣ ኬዝ ሴንሲቲቭ ካላላችሁት። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ደግሞ ፋይሉ የተቀመጠበት የፊደል ኮድ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ካልነገራችሁት አማርኛውን ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል።

ዲፍም የራሱ አመል አለው። አንዱ ፋይል ከዊንዶውስ ከመጣ አይን የማያየው የመስመር ማለቂያ ስላለው እያንዳንዱን መስመር ተለየ ይላል፣ መድሃኒቱ ስትሪፕ-ትሬሊንግ-ሲአር የሚለው ኦፕሽን ነው። ስክሪፕት ውስጥ ስታስገቡት ልዩነት ሲያገኝ 1 ይመልሳል፣ ኤረር ከሆነ 2፣ ስለዚህ ሴት ዳሽ ኢ (ትእዛዝ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ከመለሰ አቁም የሚለው) የተጻፈበት ስክሪፕት ልዩነት ባገኘ ቁጥር ቀጥ ይላል፣ ኢፍ ውስጥ አስገቡት። የአማርኛ ስም ዝርዝር ከሆነ ደግሞ "ፀሐይ" እና "ፀሀይ" ለዲፍ ሁለት ሰው ናቸው፣ እኔ መጀመሪያ ኮፒው ላይ ሐንና ኀን ከነቤተሰባቸው በሴድ (ጽሁፍ ፈልጎ በሚተካ ትእዛዝ) ወደ ሀ ቀይሬ ነው የማወዳድረው፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀንም ወደ ጸ።