ድርሰቴን ላነበቡልኝ ለማላውቃቸው ሰው

ይህን ምስጋና የምጽፈው ስማቸውን ለማላውቀው ሰው ነው። ሴት ይሁኑ ወንድ፣ ወጣት ይሁኑ አዛውንት አላውቅም። ስለዚህ አንቱ እላቸዋለሁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ 84 ገጽ ተውኔቴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው፣ አስበውበት፣ የተሰማቸውን ጽፈው ልከውልኛል። ፓፓታንጎ የሚባለው የለንደን የቴአትር ድርጅት በሚያካሂደው የተውኔት ውድድር ላይ ከአንባቢዎቹ አንዱ ናቸው።

አላሸነፍኩም። የመጨረሻው ዙር አጠገብም አልደረስኩም። ግን ያን ያህል የጠቀመኝ ሰው የለም። በአደባባይ የምጽፈውም መሳቢያ ውስጥ ድርሰት ያስቀመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፣ ሌሊት ሌሊት። ሁሉም ተኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በየክፍሉ ዞሬ ካየኋቸው በኋላ በምትተርፈኝ ጊዜ እጽፋለሁ። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ታሪኩ ለንደን ውስጥ ዕቁብ የሚጥሉ የስድስት ሐበሻ ሴቶች ታሪክ ነው። አንደኛዋ ዕጣ ወጥቶላት ገንዘቡን እንደያዘች ትጠፋለች።

እንደጨረስኩ ለአንድ ቴአትር ቤት ላክሁት። ስሙን አልጠራም። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። «ደርሶናል» የምትል አጭር ኢሜይል እንኳ አልመጣችም። ቴአትር ቤቶች በድርሰት ብዛት እንደሚጨናነቁ አሁን ገብቶኛል። ያኔ ግን በቃ፣ አልችልም ማለት ነው ብዬ ፋይሉን ዘጋሁት። «አይሆንም» መባል በስንት ጣዕሙ። ዝም ሲባል ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ በምን ልወቅ?

ስድስት ኪሎ ቴአትር ያጠናች ጓደኛዬ ናት «መልስ የሚሰጡ አሉ፣ ሞክሪ» ያለችኝ።

ፓፓታንጎ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው አዲስ ጸሐፌ ተውኔት ፈልጎ ማግኘትና ድርሰቱን ለመድረክ ማብቃት ነው። ለመወዳደር ገንዘብ አይጠይቅም። ያሸነፈው ድርሰት በባለሙያ አዘጋጅና ተዋንያን ይዘጋጃል፣ በመጽሐፍ ይታተማል፣ ደራሲው ከቲኬት ገቢ ድርሻ ያገኛል፣ ሌላ ተውኔት እንዲጽፍም ይከፈለዋል። በ2011 ያሸነፈችው ዶውን ኪንግ ነበረች። ሥራዋ መጀመሪያ የታየው ፊንቦሮ በምትባል፣ ከመጠጥ ቤት በላይ ባለች፣ 50 ሰው ገደማ በምትይዝ ጠባብ ቴአትር ነው። በ2018 ያው ተውኔት ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ያሉበት ዌስት ኤንድ ደረሰ።

ለአሸናፊው የሚያደርጉት ጥሩ ነው። እኔን የነካኝ ግን ላላሸነፈው የሚያደርጉት ነው። ለተወዳደረ ሰው ሁሉ በድርሰቱ ላይ አስተያየት ይጽፋሉ። ለሁሉም! ከ1000 በላይ ድርሰት በሚገባበት ውድድር ይህ ስንት ሰዓት እንደሚበላ አስቡት። እኔ አንድ ተውኔት በወጉ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።

አስተያየቱ የደረሰኝ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።

መጀመሪያ የወደዱትን ነገሩኝ። ገንዘቡ የሚቆጠርበትን ትዕይንት። ሴቶቹ ገንዘቡን የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ዘርግተው፣ ሃያ ሃያውን ለብቻ፣ አሥር አሥሩን ለብቻ ይደረድራሉ። አንዷ ሌላዋን ቀና ብላ አታይም። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው እንደገና እንዳነበቡት ጻፉልኝ። ቀጥለው ጠየቁኝ፦ ተውኔቱ ለምን ከዚህ አይጀምርም?

ክው አልኩ። ያ ትዕይንት ገጽ 23 ላይ ነበር። ከእሱ በፊት ያሉት 22 ገጾች በሙሉ ዕቁብ ምን እንደሆነ ለፈረንጅ የማስረዳባቸው ናቸው። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ሐበሻ ለሐበሻ ዕቁብ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል እንዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ አልታየኝም። እሳቸው በአንድ ንባብ አዩት። ገንዘቡ ሲቆጠር፣ ተጠቅልሎ ብርጭቆ ውስጥ የገባው ዕጣ ሲወዘወዝ፣ ተመልካቹ ራሱ ይገባዋል፤ አታስረጂው ነው ነገሩ።

ሌላም አለ። የዕቁቡን ዳኛ በእንግሊዝኛ ስጽፍ የፍርድ ቤት ዳኛ በሚጠራበት ቃል ነበር ያስገባኋት። አንባቢዬ ይህች ሴት በሙያዋ ዳኛ ናት ወይ፣ ከሆነችስ ገንዘቡ ሲጠፋ ለምን ሕግ አትጠቅስም ብለው ጠየቁ። ለመንቀፍ አልነበረም፣ ሊረዱ ፈልገው ነው። አነጋገራቸው ያስታውቃል። በሁለተኛው ረቂቅ «ዳኛ» የሚለውን ቃል በአማርኛው እንዳለ ተውኩት። ሴትየዋ ወዲያው ሌላ ሰው ሆነች። አሁን አምስቱም ስሟን አይጠሩም። «ዳኛችን» ነው የሚሏት።

ሻይ የምታቀርበዋን ልጅም አልረሷትም። በተውኔቱ ሁሉ 11 ጊዜ ብቻ ነው የምትናገረው። ሁሉንም የምታየው ግን እሷ ናት አሉኝ። እኔ ለሻይው ብቻ ነበር ያስገባኋት። ዛሬ የመጨረሻው ትዕይንት የእሷ ነው።

ውድድር ማለት ይህ ይመስለኛል። አንድ ስም ጠርቶ ሌላውን በባዶ እጁ የሚመልስ ውድድር፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ጀማሪን አያሳድግም። አገር ቤት ድርሰት ለቴአትር ቤት አስገብተው የገምጋሚ ውሳኔ የሚጠብቁ ጓደኞች አሉኝ። ለእነሱም እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ቢደርሳቸው ደስታዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ውድድሮች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በ1957 ኦብዘርቨር ጋዜጣ የተውኔት ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ያሸነፈው ኤሮል ጆን፣ ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን የመጣ ተዋናይ ነው። የጻፈው በፖርት ኦፍ ስፔን አንድ ግቢ ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ ድሆች ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ተጋርቶ ያደገ ሰው ያን ግቢ ሳይሄድበት ያውቀዋል። በ1958 ሮያል ኮርት ቴአትር ላይ ታየ። የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለትምህርት ወደዚያው ወደ ሮያል ኮርት የመጣው ከዚያ አንድ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ።

ሰሜን እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ብሩንትዉድ የሚባለውን ውድድር እዩት። ማንቸስተር ያለው ሮያል ኤክስቼንጅ ቴአትር በ2005 የጀመረው ነው። ድርሰቱ የሚገባው በብዕር ስም ስለሆነ አንባቢዎቹ ማን እንደጻፈው አያውቁም። ስማችሁ ከባድ ሆኖባቸው ገና ከሽፋኑ አያልፉም ብላችሁ ለምትሰጉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለአንደኛ 16,000 ፓውንድ ሲሸልም ቆይቷል። ድረ ገጹ ላይ ስለ ተውኔት አጻጻፍ በነጻ የሚያስተምሩበት ክፍል አለ፤ ባትወዳደሩም ተማሩበት። ቴአትሩን አንድ ቀን ሄጄ አይቼዋለሁ። የጥንት የጥጥ ገበያ አዳራሽ ነው። መድረኩ መሐል ላይ ነው፣ ተመልካች ዙሪያውን ይከባል። በ1968 ገበያው ሲዘጋ የነበረው የመጨረሻ ቀን ዋጋ እስካሁን ከላይ እንደተሰቀለ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ልትወዳደሩ ካሰባችሁ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከዚህ በፊት መድረክ ላይ የታየ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም። ቀኑና ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዚያን ዓመቱን ከድረ ገጻቸው እዩ። በአማርኛ አስባችሁ የምትጽፉ ከሆነ፣ አንድ እንግሊዝኛ በደንብ የሚያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የትኛው ቃል እንደሚጎረብጥ ያኔ ይሰማችኋል።

ባለፈው ወር ሰፈራችን ያለ አንድ አዳራሽ ውስጥ አዲሱን ረቂቅ አነበብነው። በአማርኛ። ስድስት ሴቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀት ይዘው፣ ያለ አልባሳት፣ ያለ መብራት። 40 ወንበር ሞላ። አሁን ተውኔቱ የሚከፈተው በገንዘቡ ቆጠራ ነው። ፊት ለፊት ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠው ነበር። ተዋናይዋ ወረቀቷን እንደ ብር እየገለጠች ስትቆጥር፣ እሳቸውም በከንፈራቸው አብረው ይቆጥሩ ጀመር። ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ።

አንባቢዬ፣ ያን ያዩልኝ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ። ይህን አማርኛ ላያነቡት ስለሚችሉ፣ ያደርሱልኛል ብዬ እንግሊዝኛውን ለድርጅቱ ልኬላቸዋለሁ።

ማመልከቻው የሚከብዳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሞላለን። ጠዋት ጠዋት ስለምተኛ መልስ የምሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው።