የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ፦ ከ3 ወር ክትትል በኋላ የምሰጠው አስተያየት

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሳስል፣ ሳስነጥስ ወይም ሕፃኑን ከመሬት ሳነሣ ሽንት ያመልጠኝ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ሕክምና ቤት ስለ ኬግል እንቅስቃሴ፣ ማለትም ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፈው የሚይዙትን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች እየጨመቁ ስለማጠንከር፣ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተኝ፤ ወረቀቱን ተከትዬ ለወራት ብሠራም ምንም ለውጥ አላየሁም። በኋላ ያገኘሁት የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ከዚያ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ እንቅስቃሴውን ከማዘዙ በፊት ጡንቻውን መርምሯል።

ባለሙያዋ የምጠጣውንና የምሸናውን ለ3 ቀን መዝግቤ እንድመጣ ቀድማ ነግራኝ ነበር። ስለ ወሊዶቼና ስለ ሆድ ድርቀት ከጠየቀችኝ በኋላ ምን እንደምታደርግ አስረድታ፣ ፈቃዴን ተቀብላ፣ ጓንት አጥልቃ በጣቷ መረመረችኝ። «እስኪ ሽንትሽን እንደምትይዢ አድርገሽ ሳቢው» አለችኝ፤ እኔም በሙሉ ኃይሌ ጨመቅኩ። «እህቴ፣ ወደ ታች እየገፋሽው እኮ ነው» ስትለኝ ደነገጥኩ። ትንፋሼን ይዤ፣ ሆዴንና መቀመጫዬን አጥብቄ፣ ሊጠነክር በሚገባው ጡንቻ ላይ ለወራት ጫና ስጨምርበት ኖሬያለሁ። ይህ ስሕተት ብዙ ሴቶች የሚሠሩት ነው፤ አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እንኳ በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ እንቅስቃሴው ሲጽፍ በቃል መመሪያ ብቻ አልተወሰነም፣ ታካሚዋ የጭመቃዋን ኃይል በዓይኗ የምታይበት መለኪያም ሠርቶ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር፣ እየተነፈሱ፣ ጋዝ እንዳያመልጥ እንደሚደረገው ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። የጡንቻውን ጭመቃ በመስመር በሚያሳየው መሣሪያ (ባዮፊድባክ) ስክሪን ላይ፣ ስጨምቅ የሚወጣው መስመር ስለቅቅ ቶሎ አልወርድ ሲል፣ መልቀቅም ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ ገባኝ። ጡንቻቸው ከመጠን በላይ የጠበቀባቸውና ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ መጭመቁ ሊያባብስባቸው ስለሚችል፣ ሕክምናቸው የሚጀምረው ማላላትን በመማር ነው። ለእኔ የታዘዘልኝ በቀን 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 8 ጭመቃ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ሲሆን፣ ከማሳሌና ዕቃ ከማንሣቴ በፊት ቀድሜ እንድጨምቅም ተነግሮኛል።

ቅሬታዬ በክፍሉ ላይ ነው። አልጋዎቹን የሚለየው መጋረጃ ብቻ በመሆኑ የጎረቤቴን ታካሚ መልስ ቃል በቃል እሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚነገርበት ክፍል በር ሊኖረው ይገባል።

እስከ 6ኛው ሳምንት ድረስ ያየሁት ለውጥ ጥቂት ስለነበር ላቋርጥ ተቃርቤ ነበር። አሁን ሳስልም ሆነ ሳስነጥስ አያመልጠኝም፤ ስሮጥ ግን አልፎ አልፎ ጠብ ይላል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ቆሜ እየዘለልኩ መጭመቅን እንለማመዳለን።