የሰለቸኝ መግቢያና የወደድኩት ዜማ፦ ስለ «ቴክ ኦን ሚ»

የኖርዌዩ «አሃ» ባንድ «ቴክ ኦን ሚ» የተሰኘው ዘፈን ሲጀምር ከበሮው ጥቂት ብቻውን ይመታና የሲንተሳይዘሩ (በኤሌክትሮኒክ መንገድ ድምፅ የሚፈጥረው ኪቦርድ) ዜማ ተከትሎት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አይወጣም። ይህን የምለው በአድናቆት ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑን በደጋገምኩት ቁጥር እየሰለቸኝ የመጣው ሁሉም ሰው የሚያፏጨው ይኸው መግቢያ ሲሆን፣ እየወደድኩት የመጣሁት ደግሞ በእሱ ድምቀት የተሸፈነውን የድምፃዊውን ዜማ ነው።

መግቢያውን የኪቦርድ ተጫዋቹ ማግነ ፉሩሆልመን የፈጠረው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ የጎረምሳ ችኮላም አለበት። የኤሌክትሮኒኩ ከበሮ አንዴ እንኳ ሳይተነፍስ ስለሚጋልብ፣ ዘፋኙ የሚለውን ቆም ብሎ ለማድመጥ ፋታ አይገኝም። ሞርተን ሃርኬት ግን የሚደመጥ ድምፃዊ ነው። አዝማቹን ከድምፁ ዝቅተኛ ወለል ላይ አንስቶ ሐረግ በሐረግ ከፍ እያደረገ ይወስደውና፣ ከሁለት ኦክታቭ (ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ኖታ ያለው የድምፅ ርቀት) ተኩል በላይ ተጉዞ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ያደርሰዋል። አብሮት ለመዝፈን የሞከረ ሰው ወይ መነሻው ላይ ድምፁ ይጠፋል፣ ወይ መድረሻው ላይ ይታነቃል (እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል)። ግጥሙ የዚህን ያህል አልተደከመበትም፤ ርዕሱ ራሱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በወግ የማይለው ዓይነት ሐረግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ቅጂ ከኖርዌይ ውጭ ገበያ አላገኘም። ፕሮዲውሰሩ አለን ታርኒ እንደገና ያቀናበረው ቅጂ፣ ስቲቭ ባረን ባዘጋጀው በእርሳስ ሥዕልና በሕያው ምስል የተዋሃደ ክሊፕ ታጅቦ፣ በጥቅምት 1985 በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ክሊፑም በቀጣዩ ዓመት ከሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤምቲቪ ስድስት ሽልማቶችን ወሰደ። ስለዚህ ዘፈኑን ስሰማ በክሊፑ ውስጥ ከሥዕል መጽሔት ገጽ የሚዘረጋው እጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፤ የማረከኝ ዜማው ይሁን ሥዕሉ ለመለየት ለረጅም ጊዜ ተቸግሬአለሁ።

የለየልኝ ባንዱ በ2017 በኖርዌይዋ የጊስከ ደሴት በዝግታ የተጫወተው ቅጂ ነው። ያ ግልቢያ ሲቀር፣ አንድ ሰው ሊሄድ ጥቂት ቀን ቀርቶት «ተቀበይኝ» ብሎ የሚለምንበት፣ ፍርሃት የተጫነው ዘፈን ሆኖ አገኘሁት። በ1985ቱ ቅጂ እንደ ድል የሚሰማው ያ ከፍተኛ ድምፅ፣ እዚህ ሊሰበር የደረሰ ልመና ነው። ያንን ከሰማሁ ወዲህ የቀድሞውን ቅጂ ስከፍት መግቢያውን ዘልዬ ከመጀመሪያው ስንኝ እጀምራለሁ፤ አዝማቹ እንዳበቃ ግን ያው የሲንተሳይዘር ዜማ ተመልሶ ይመጣል።