ቹደ ወይስ ረኡታቴ?

እንግሊዝኛው «ስፓይት» (ሰውን ለማናደድ ወይም ለመጉዳት የማሰብ ክፋት) ወደ ሮማንያኛ ሲመለስ ሁለት ቃላት ይቀርባሉ፦ ረኡታቴ እና ቹደ።

ረኡታቴ ክፋት ነው። ሰውን ለመጉዳት ተብሎ የተደረገ ነገር «ዲን ረኡታቴ» ይባላል። በቃ፣ ግልጽ ነው።

ቹደ ግን ሌላ ነው። ብስጭት አለበት፣ ቅናት አለበት፣ እኛ እልህ ወደምንለውም ይጠጋል። «ምዬ ቹደ» ያለ ሰው ውስጡ እርር ብሏል እንጂ የግድ ክፉ አላሰበም። ሥሩ ስላቭኛ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ «ተአምር» ነው! ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

እኔ ወደ ቹደ አደላለሁ። እንግሊዝኛው ከዚያው ከክፋት ቃል «ኢን ስፓይት ኦፍ» (ቢሆንም) የሚለውን እንደሚሠራ፣ ሮማንያኛም «እን ቹዳ» ይላል። «እን ቹዳ ፕሎዪ» ማለት ዝናብ ቢዘንብም ማለት ነው። ረኡታቴ እዚህ ቦታ አይገባም። ቀጥሎ የሚመጣው ስም የአገናዛቢ መልክ እንደሚይዝ ብቻ አትርሱ፤ «ፕሏያ» ወደ «ፕሎዪ» የተለወጠው ለዚህ ነው።