ሳም ስፔድ ወይስ ፊሊፕ ማርሎው?
ሁለቱንም የፊልም መርማሪዎች የተጫወታቸው አሜሪካዊው ተዋናይ ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። ቀልዳቸው ግን ለየቅል ነው። እኔ ስፔድን አስበልጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «የማልታው ጭልፊት» ፊልም ውስጥ ስፔድ የሚቀልደው ሰው ለማናደድ ነው። ሽጉጥ የደገነበትን ሰው መሣሪያውን ነጥቆ ይስቅበታል። የሥራ ባልደረባው ሲገደል እንኳ እንባ የለም። መጨረሻ ላይ ግን ገዳይዋን፣ ያውም የወደዳትን ሴት፣ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣል። ፊቱን ያየ ሰው ያ ሁሉ ፌዝ ምን ይሸፍን እንደነበር ይገባዋል። ቦጋርት እዚህ ጋ ልብ ይሰብራል።

በ1946ቱ «ታላቁ እንቅልፍ» ማርሎው ለስለስ ይላል። ታሪኩ ውስብስብ ነው፤ አንድን ሾፌር ማን እንደገደለው እንኳ በግልጽ አይነገረንም። ግን ከተዋናይቷ ሎረን ባኮል ጋር ፖሊስ ጣቢያ ደውለው ስልኩን እየተቀባበሉ ሲያላግጡ፣ ወይኔ! ለሱ ትዕይንት ብቻ ብላችሁ እዩት።