ባለ ሁለት በር ቪትዝ ወይስ ባለ አራት በር? ጅማ ላይ ለሚገዛ

ሰሞኑን ደላላ ለጓደኛዬ ሁለት ቶዮታ ቪትዝ አሳየው። ሁለቱም የመጀመሪያው ቅርጽ፣ ሁለቱም 1.0 ሞተር። አንዷ ግን ባለ ሁለት በር ናት፣ ዋጋዋም ረከስ ይላል። «በር ምን ያደርግልኛል፣ የምነዳው እኔ!» አለኝ። ሁለት ዓመት ባለ ሁለት በር ነድቼ ስለሸጥኩ፣ በር ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ።

ሞተር፣ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ፍሬን ላይ ልዩነት የለም። ርዝመታቸውም ያው ነው፤ ስለዚህ «ይቺ አጭር ናት፣ ለፓርኪንግ ትመቻለች» የሚላችሁን አትስሙ። እንዲያውም ባለ ሁለት በሯ ትብሳለች፤ በሩ ረጅም ስለሆነ መርካቶ ጋ ባጃጅ አጠገብ ካቆማችሁ ትንሽ ብቻ ይከፈትና ሆዳችሁን ስባችሁ ነው የምትወጡት።

ዋናው ጣጣ ከኋላ ነው። አንድ ቀን አባቴን ጋቢና፣ አክስቴን ከኋላ አድርጌ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ልክ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ፣ የጅማ ዝናብ መቼም አይለምኑትም። አክስቴ እንዲወርዱ መጀመሪያ አባቴ መውረድ አለባቸው፣ ከዚያ ወንበሩ ይታጠፋል፣ አባቴ ዝናብ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ አክስቴ ጎንበስ ብለው ሲወጡ ነጠላቸው የወንበር ቀበቶው ላይ ተያዘ። «ሁለተኛ በዚህ ቆርቆሮህ አልሄድም» አሉ፤ አልሄዱምም።

ለባለ ሁለት በሯ የምመሰክርላት፣ ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን በር ከፍቶ አይወድቅም። ታምራለችም፣ አልዋሽም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ በሩን ግማሽ ድረስ ክፈቱና ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ ብድግ አድርጉት። ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው አልቋል፣ ረጅም በር ከባድ ነውና። የፊት ወንበሮቹን ሁለቱንም አጥፋችሁ መልሱ፣ ቦታቸው ላይ በትክክል መቆለፋቸውን እዩ። የባለ አራት በር በር ደግሞ አይገጥምላትም፤ ከተገጨች በር ፍለጋ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ፣ ሰው መላክ ሊመጣ ይችላል።

መሸጥ ላይ ግን ወገብ ትቆርጣለች። የእኔን ባለ ትዳሩ አይቶ ሄደ፣ ራይድ የሚሠራው አይቶ ሄደ፣ በመጨረሻ ከጠበቅኩት በታች ለቀቅኳት። ዓለምም እየሸሻት ነው። ቶዮታ ባለ ሁለት በሯን ሴሊካ እ.ኤ.አ. በ2006 አቆመ፣ ሆንዳ ባለ ሁለት በር ሲቪክን ከ2020 ሞዴል በኋላ ተወ፣ የሼቭሮሌዋ ካማሮም በ2023 መጨረሻ ላይ ከመመረት ቀረች። ፋብሪካው ለባለ ሁለት በሯም ቢሆን ለዲዛይን፣ ለግጭት ፍተሻ ብሩን ያፈሳል፤ ገዢው ግን ከፍ ያለች፣ ቤተሰብ የምትጭን መኪና ነው የሚፈልገው። ጃፓን ውስጥ ቪትዝ ራሷ በ2005 ቅርጿን ስትቀይር ባለ ሁለት በሯ ቀረች። እኛ ጋ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ የምንገበያየው አገር ውስጥ ያለውን ነው።

እና ቤተሰብ ካላችሁ፣ ወይ በዓመት በሁለት ዓመት የምትሸጡ ከሆነ፣ ጨምራችሁ ባለ አራት በሩን ውሰዱ። ብቻችሁን የምትነዱና እስክታረጅ የምትይዟት ከሆነ ባለ ሁለት በሯ ታዋጣለች።

ጓደኛዬ ላጤ ነው፣ ባለ ሁለት በሯን ወሰደ። ግን በሩን ብድግ ሲያደርገው ስለተንቀጫቀጨ የማጠፊያውን ዋጋ አስቀንሶ ነው።